ጫማቸውን አስወልቁ
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራሽ ሃያ ደቂቃ ያህል ንገሪን» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ካስተማሩኝ ሰዎች ፊት ቆሞ መናገር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቃል ፈተናን ያስታውሰኛል። ከሕክምና ውጪ የተመረቃችሁ ኢንጂነሮች፣ የሕግና የኢኮኖሚክስ ሰዎችም ስላላችሁ በተቻለኝ መጠን በቀላሉ ለመናገር እሞክራለሁ። ሐኪሞች ደግሞ የምታውቁትን ስደግምባችሁ ታገሡኝ።

ሥራዬ የተዘጉ የእግር ደም ቧንቧዎችን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ በሽቦና በባሉን መክፈት ነው። ስለ ሽቦው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አንድ እግር ልንገራችሁ።

ተመርቄ በወጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ከከተማ ራቅ ባለ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። አንድ ቀን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ በቃሬዛ መጡ፤ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። ስኳር አለባቸው። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጠቁሯል፣ ቁስሉ ይሸታል። ልጁ አንድ ነገር ነገረኝ፤ «ሌሊት ሲያማቸው እግራቸውን ከአልጋ አውርደው ያንጠለጥሉታል፤ ያኔ ትንሽ ይሻላቸዋል» አለኝ። ዛሬ አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ደም ወደ እግሩ የሚወርደው በመሬት ስበት እርዳታ ብቻ ሆኗል ማለት ነውና። ያኔ ግን ሰማሁና አለፍኩት።

አንቲባዮቲክ ጀመርኩላቸው፣ ቁስሉን በየቀኑ አጠብን። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ አይቶ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ በአንድ እግር ማን ያርሳል?» አሉኝ። ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። «አባቴ፣ ይሞታሉ እኮ!» አልኳቸው። እምቢ አሉ። ካርዳቸው ላይ «ሕክምናውን አልፈልግም ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ፣ አስፈረምኳቸው፣ ሸኘኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸው ለራሱ ሕመም መጥቶ ማረፋቸውን ነገረኝ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት የያዝኩት ስለ አንድ እልከኛ በሽተኛ ታሪክ አድርጌ ነበር። ኋላ ይህን ሙያ ስማር ነው ያ ካርድ በሐሳቤ ተመልሶ የመጣው። ሙቀታቸው ተጽፏል፤ የደም ግፊታቸው ተጽፏል፤ ስኳራቸው ተጽፏል። የእግራቸው የደም ምት ግን የትም የለም። አልዳሰስኩትማ! ሦስት ቀን ሙሉ ቁስላቸውን ሳጥብ ሁለት ጣቴን አሳርፌ ደም ወደዚያ ይደርስ እንደሆነ አላየሁም። እዚሁ ግቢ ውስጥ ደግሞ በየራውንዱ «ጫማቸውን አስወልቁ፤ ካልሲውን ሳታወልቁ መረመርኩ አትበሉ» እያሉ ያሳደጉን መምህር ነበሩን። የእኔ በሽተኛ ጫማም አልነበራቸውም። እግራቸው ዓይኔ ስር ነበር።

ብዳስሰው ኖሮ ይድኑ ነበር ማለቴ አይደለም። ያኔ የምልካቸው ቦታ አልነበረኝም። ግን እኔ እምቢታቸውን መዘገብኩ እንጂ፣ እምቢታቸው የሚያስነሳውን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ከመቁረጣችን በፊት ቧንቧውን ማን አየው?

አሁን ወደ ሌላ እምቢታ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1964 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1956፣ የሥላሴ ዕለት። ቦታው አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ። አንዲት የ82 ዓመት እናት የእግራቸው ጣቶች ሞተው፣ ቁስላቸው አልድን ብሎ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ እግራቸው እንዲቆረጥ መከሩ። እሳቸው እምቢ አሉ። ልክ እንደኔው በሽተኛ።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቻርልስ ዶተር የሚባል የራዲዮሎጂ ሐኪም በዚያ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በራጅ ሲያየው የጭን ደም ቧንቧቸው በአንድ አጭር ቦታ ብቻ ጠቧል። ከባልደረባው ከሜልቪን ጀድኪንስ ጋር ሲያስበው የነበረውን ነገር በእኚህ እናት ሞከረ። በጭናቸው በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የጠበበውን ቦታ አሳለፈ፤ በሽቦው ላይ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ የቴፍሎን ቱቦ እየሰደደ መንገዱን አሰፋ። ቀዝቅዞ የነበረው እግር ሞቀ። ቁስሉ ዳነ። እኚያ እናት ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ በገዛ እግራቸው ተራመዱ።

ዶተር በአገሩ ብዙ ተቀባይ አላገኘም፤ «እብዱ ቻርሊ» የሚል ስም ወጣለት። ሐሳቡን ያቆዩት ይበልጡን የአውሮፓ ሐኪሞች ናቸው። ከእነሱ አንዱ አንድሪያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ውስጥ በቤቱ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ባሉን ሲሠራና ሲያፈርስ ከርሞ፣ በ1974 በእግር ቧንቧ ላይ ተጠቀመበት። ያንኑ ሐሳብ አሳንሶ ለልብ ያዋለው በ1977 ነው። እንግዲህ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የልብ ባሉን የእግሩ ባሉን ታናሽ ነው። ታላቁ ግን ተረስቷል። ልብ ሲያመን እንሮጣለን፤ እግር ሲያመን «ድካም ነው፣ እርጅና ነው፣ ብርድ ነው» እንላለን።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሆነ በአንዲት እናት ልንገራችሁ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን አልጠራም። የአገራችን ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸው ጋ አሜሪካ ይኖራሉ። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። አዲስ ጫማ የእግራቸውን ትንሿን ጣት ላጠው። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ስለቀነሰው አላመማቸውም። ለስምንት ሳምንት ቅባት ሲቀቡ ከርመው ጣቷ ስትጠቁር ወደ እኔ መጡ። ስዳስስ ከጉልበታቸው በታች ምት የለም።

የሠራንላቸው ነቅተው ነው። ብሽሽታቸውን በመርፌ አደነዘዝን። በአልትራሳውንድ እያየን ደም ቧንቧውን በመርፌ ወጋን፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ አሳለፍን፣ በሽቦው ላይ ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ ቱቦ አስገባን። ይህን ዘዴ ስቬን ሰልዲንገር የሚባል ስዊድናዊ በ1953 ነው ያሳተመው፤ እስከ ዛሬ የምንኖረው በእሱ ነው። ከዚያ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ሰጠን፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ረጨን። ስክሪኑ ላይ የጭናቸው ቧንቧ ወርዶ ወርዶ ከጉልበት በታች እንደ ደረቀ ወንዝ ጠፋ። ሦስት ቅርንጫፎች መታየት ሲገባቸው አንዱ ብቻ፣ እሱም በመሐል ተቆርጦ ይታያል።

ያን ቦታ የሚያልፈው ሽቦ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። ሽቦውን በጣቶቻችሁ መሐል እያሾራችሁ፣ የደነደነውን ስብና ካልሲየም መንገድ ትለምኑታላችሁ። ከኃይል ይልቅ ልመና ይሠራል። እሳቸው አልጋው ላይ ሆነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ እኔ ከታች ሽቦዬን አዞራለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሽቦው ሲያልፍ በላዩ ቀጭን ባሉን ሰድደን ነፋነው፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይዘን አረገብነው። እንደገና ፈሳሹን ስንረጭ ደሙ እስከ እግራቸው ጣት ወረደ። ትንሽ ቆይተው «ዶክተርዬ፣ እግሬን ምን አደረጋችሁት? ሞቀኝ» አሉኝ። ይህን ሥራ የምወደው ለዚያች ቃል ስል ነው።

በማግሥቱ ተነሥተው ቆሙ። የጠቆረችውን ጣት ግን ማዳን አልቻልንም፤ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ደም ስለደረሰ የተቆረጠበት ቦታ ዳነ፤ እግራቸው ቀረላቸው። ከሰባት ወር በኋላ ቧንቧው እንደገና ጠበበ፤ ደግመን ከፈትነው። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በቪዲዮ የምታዩት ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም። ከጉልበት በታች ያሉት ቧንቧዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ተመልሰው ይጠባሉ። ብዙ ጊዜ የምንከፍተው ቁስሉ እስኪድን ጊዜ ለመግዛት ነው። ሽቦ በሽታውን አያድንም። በሽታው በመላ ሰውነት ነው፤ እግሩ የተዘጋበት ሰው ልቡና አንጎሉም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ስታቲን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ የስኳርና የደም ግፊት ቁጥጥር፣ ሲጋራ ማቆም ከሽቦው በፊትም በኋላም ግዴታ ናቸው።

እንዲሁም ሽቦ ሁልጊዜ ከቀዶ ሕክምና ይበልጣል ብላችሁ ከዚህ አዳራሽ እንዳትወጡ። በ2022 ቤስት ሲኤልአይ የተባለው ትልቅ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ ከራሱ ከበሽተኛው እግር የሚወሰድ ጥሩ የደም መልስ ቧንቧ ካለ፣ በቀዶ ሕክምና ማለፊያ መንገድ መሥራት እንደሚሻል አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባዚል ሁለት የተባለው የእንግሊዞች ጥናት ከጉልበት በታች በታመሙ ሰዎች ላይ ባሉንን ማስቀደም እንደሚሻል አሳየ። የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ከሁለቱም የምንማረው ግን አንድ ነው። የቀዶ ሐኪሙና የሽቦው ሐኪም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰው እግር መነጋገር አለባቸው።

በምኖርበት አገር የማየውን ሌላ ጥፋትም ልናዘዝ። ሲራመድ ባቱን የሚያመው፣ ሲቆም የሚተወው ሰው አለ። ይህ ሰው ቁስል የለውም፣ ሌሊት አያመውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት መራመድ ነው። እስኪያመው ይራመዳል፣ ያርፋል፣ ይደግማል፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ለሦስት ወር። ነፃ ነው። ትልቁ ክፍያ የሚገኘው ግን ከስቴንት እንጂ ከመራመድ አይደለም፤ ስለዚህ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ስቴንት ይገባላቸዋል። ሕክምናውን ወደ አገራችን ስናመጣ ይህን በሽታውን አብረን እንዳናመጣ።

ታዲያ እዚህ፣ በእኛ አገር ምን ይደረግ? ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

መጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣ ሙሉ ሽቦ፣ ካቴተርና ባሉን ይዤ መጣሁ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ባሉኖቹ ከሽቦዎቹ ጋር በመጠን አይገጥሙም፣ መግቢያ ቱቦዎቹን ረስቻቸዋለሁ፣ ግማሹ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል። የሚጠቀምበት ሰውም አላሠለጠንኩም። ሻንጣው መጋዘን ገብቶ እዚያው ጊዜው አለፈ። ጥፋቱ የተቀበሉኝ ሰዎች አልነበረም፤ የኔ ነው። ሳልጠይቅ ነው ያመጣሁት።

ዛሬ ሳልጠይቅ አልመጣሁም። ባለፉት ወራት እዚህ ካላችሁ መምህራንና ነርሶች ጋር ተነጋግረን ሦስት ነገር ተስማምተናል።

አንደኛው ገንዘብ አይፈልግም። ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል በመጣ ቁጥር ጫማውን ያውልቅ። ሁለት ጣት በእግሩ የላይኛው ገጽ፣ ሁለት ጣት ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ በሁለቱም እግር። ምቱ አለ ወይም የለም ተብሎ ይጻፍ። በጣቶቹ መሐል ይታይ። እግር በድንገት ቀዝቅዞ፣ ነጥቶ፣ በኃይል ካመመ ደግሞ ያ ሌላ ነው፤ ጡንቻው የሚቆየው ለስድስት ሰዓት ያህል ነውና «ነገ ይምጣ» አይባልም።

ሁለተኛው ጥቂት ገንዘብ ይፈልጋል። በእጅ የሚያዝ ዶፕለርና ተራ የደም ግፊት መለኪያ። የክንዱንና የቁርጭምጭሚቱን ግፊት ለክታችሁ የታችኛውን ለላይኛው ታካፍላላችሁ። ክንዱ 140፣ ቁርጭምጭሚቱ 70 ከሆነ ውጤቱ 0.5 ነው፤ ከ0.9 በላይ መሆን ነበረበት፤ ይህ እግር ተርቧል ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ስኳር ለረጅም ዓመት የኖረበት ሰው ቧንቧው በካልሲየም ይደነድንና መለኪያው ሊጫነው አይችልም፤ ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ይወጣል። ያ ጤና አይደለም፣ ማታለያ ነው። ያኔ የአውራ ጣቱን ግፊት መለካት ያስፈልጋል። አንዲት ነርስ ይህን ሁሉ በጥቂት ቀናት ልምምድ ትችለዋለች። ማኅበራችን ለስኳር ክሊኒኩ ሁለት ዶፕለር እንዲገዛ ጠይቄያለሁ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለልብ ሕክምና የተተከሉ የካቴተር ክፍሎች አሉ። ራጁ፣ ጠረጴዛው፣ የሠለጠነው ነርስ ለእግርም ይሆናል፤ የሚጎድለው ለእግር የሚሆነው ዕቃ፣ ዕቃው ያለማቋረጥ መምጣቱ፣ እና ቀኑን ሙሉ ሥራው ይሄ የሆነ ሐኪም ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚደረግ ትልቅ ስጦታ አንፈልግም። ለሦስት ዓመት በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ መዋጮ ይሻላል። ኢንጂነሮች፣ ማሽን ሲበላሽ የት እንዳላችሁ ማወቅ እንፈልጋለን። የኢኮኖሚክስ ሰዎች፣ የአንድ ባሉንን ዋጋና የአንድ ገበሬን እግር ዋጋ አሰሉልን። እኔ በበኩሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሳምንት እዚህ እገኛለሁ። የምመጣው ሠርቼ ለመሄድ ሳይሆን፣ ከእናንተ ሁለት ወጣት ሐኪሞች እጃቸው እስኪለምድ አጠገባቸው ለመቆም ነው። ይህን በጽሑፍ ስለማሳትመው ከቀረሁ በስሜ ትጠይቁኛላችሁ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እግር ፈጽሞ አይቆረጥ አላልኩም። መርዝ እየሠራ ሰውነት ውስጥ የሚገባ የበሰበሰ እግር ካለ መቁረጥ ሕይወት ማዳን ነው፤ የሚቆርጠው ሐኪምም ክብር ይገባዋል። የምለምነው መቁረጡ ላይ የሚፈርመው እጅ ከመፈረሙ በፊት ምቱን ይዳስስ፣ ይለካ፣ ይጠይቅ ነው። በሽተኛው «እምቢ» ሲል ደግሞ ካርዱን ዘግተን አንሸኘው። ፖርትላንድ ላይ አንዲት እናት እምቢ ባይሉ እኔ ዛሬ ሥራ አልነበረኝም። የኔ በሽተኛም እምቢ ብለው ነበር፤ የሰማቸው ሐኪም ግን አልነበረም።

ነገ ጠዋት ራውንድ ያላችሁ ወጣቶች እዚህ አላችሁ። በፕሮግራሙ ላይ ቡና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። ከቡናው በፊት አንድ በሽተኛ መርጣችሁ ካልሲውን አስወልቁልኝ። ምቱን ካገኛችሁት «አለ» ብላችሁ ጻፉ። ካጣችሁት ደግሞ ቡናው ላይ ፈልጉኝ፤ አብረን ሄደን እናየዋለን።